ያውቁ ኖሯል? ዶስ ፊደላችንን አይችልም ነበር

ዶስ የቀድሞ ዘመን የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና ነው፤ የፊደል ሠንጠረዡ 256 ቦታ ብቻ ነበረው። ግማሹ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በቁጥርና በምልክት ተይዟል። 33ቱ ፊደሎቻችን ከነ7 ቤታቸው 231 ናቸው፤ በቀረው 128 ቦታ እንዴት ይግቡ? የአማርኛ ፕሮግራም ሠሪዎች በየፊናቸው መላ ዘየዱ፤ አንዱ የጻፈውን ግን ሌላው አያነበውም። ለፊደሎቻችን የጋራ ቁጥር የተገኘው በ1999 እ.ኤ.አ.፣ የዓለም ፊደላት የጋራ ሠንጠረዥ በሆነው በዩኒኮድ 3.0 ነው።

ቤትዎ የዚያ ዘመን ፍሎፒ ዲስክ ካለ እባክዎ አይጣሉት። ለመክፈት ከዶስ ዓይነቶች ፍሪዶስን ይምረጡ። ለብቻው የተሸጠው የመጨረሻው ኤምኤስ ዶስ፣ 6.22፣ የወጣው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፍሪዶስ ግን በነጻ ይገኛል፣ ዛሬም ይታደሳል። ጽሑፉ የተጻፈበትን ፕሮግራምም አብረው ያስቀምጡ፤ ያለ እሱ «ሀ» ሀ ሆና አትነበብም።