አባት የወደደውን ፊልም ልጁ ሲያየው

«ይሄማ የእኛ ነው፤ ልጅ እያለን ስናየው ያደግነው» ብሎ ስልኩን ለልጁ የሚያቀብል አባት አይታጣም። ዛሬ ዕድሜው ሠላሳን የተሻገረ፣ ልጅነቱን ዲሽ በገባበት ቤት ወይም በጎረቤት ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ያሳለፈ ሰው «ፓወር ሬንጀርስ» ሲባል ፊቱ ይፈካል። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ቢጫና ሮዝ የለበሱ አምስት ወጣቶች ናቸው። እጃቸውን እያወናጨፉ ይጮኻሉ፤ ከጎማ የተሰፋ የሚመስል ጭራቅ ይጥላሉ፤ ከዚያ ተሳስቀው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። እኛ አያቶች ደግሞ የምናስታውሰው ከትዕይንቱ በኋላ የተሰበረውን ብርጭቆና ከሶፋ ላይ የሚዘለውን ልጅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 በዚያው ስም የወጣው የሲኒማ ፊልም ግን ሌላ ነው። ስሙ አንድ፣ የልብሱ ቀለም አንድ፣ ሆዱ ሌላ። ፊልሙ ዛሬም ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከፍላሽ ወደ ሚሞሪ ይገለበጣል። አባትዬው የሚያውቀው የድሮውን ነው፤ ልጁ እጅ የገባው አዲሱ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ስለሆነ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ለወላጅም ለአያትም ይጠቅማል።

መጀመሪያ ስለ ድሮው። ተከታታዩ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1993 ነው። ጭምብል ለብሰው የሚፋለሙበት ክፍል ግን አብዛኛው ከጃፓን የተገዛ ነው። ጃፓኖች ከ1975 ጀምሮ እንዲህ ያለ ባለቀለም የጀግኖች ቡድን ለልጆች ሲያሳዩ ኖረዋል። አሜሪካኖቹ የራሳቸውን ወጣቶች የትምህርት ቤት ትዕይንት ቀርጸው ከጃፓኑ ፍልሚያ ጋር ቀጠሉት። ደም የለም፤ የሚሞት ሰው አይታይም፤ ክፉዋ ሪታ ጨረቃ ላይ ቆማ ትጮኻለች እንጂ ልጅ አታንቅም። አዛዣቸው ዞርዶን ሦስት ሕግ ሰጥቷቸዋል፦ ኃይላችሁን ለግል ጥቅም አታውሉ፣ ጠቡን እናንተ አታባብሱ፣ ማንነታችሁን አትግለጡ። ሁለተኛውን ሕግ ብዙ ጎልማሳም ቢያጠናው አልጠላም።

ያም ሆኖ የድሮው ነውር አልነበረበትም ማለት አይደለም። ልጆች እርግጫውን ከእርስ በርስ ጨዋታቸው ስላስገቡት ኒውዚላንድ በ1994 ከወላጆች የቀረበውን አቤቱታ ተቀብላ ከቴሌቪዥን አስወጥታዋለች። እንግዲህ ያ ነው ዛሬ «የዋህ ነበር» ብለን የምንናፍቀው።

አዲሱን ፊልም የሠራው ደቡብ አፍሪካ የተወለደው ዲን ኢዝራኤላይት ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። አምስቱ ወጣቶች ስማቸው የድሮው ነው፤ ኑሯቸው ግን ከብዷል። ጄሰን ፖሊስ የቁም እስር ያደረገው ልጅ ነው። ዛክ የታመመች እናቱን የሚያስታምም፣ እናቱ ትሞትብኛለች ብሎ ቤት መግባት የሚፈራ ነው። ኪምበርሊ የጓደኛዋን የገመና ፎቶ ለሌላ ሰው አስተላልፋ ጓደኞቿ የራቋት ናት። የሚያምረውን ባለቀለም ልብስ ለብሰው የሚታዩት ወደ ፊልሙ መጨረሻ ገደማ ነው፤ ትንሽ ልጅ ያንን ሲጠብቅ ሌላውን ሁሉ ያያል።

ሌላው ሁሉ ምንድን ነው? ዓሣ አጥማጆች በመረባቸው የሪታን ሬሳ ከባሕር ያወጣሉ፤ ሬሳው ይነሣል። ሪታ ወርቅ ስለምትፈልግ የሰው የወርቅ ጥርስ ሳይቀር ትነቅላለች። ቢሊ የሚባለውን ልጅ ውኃ ውስጥ ታሰጥመዋለች፤ ጓደኞቹ ሬሳውን ተሸክመው ይሄዳሉ፤ ኋላ ነፍስ ይዘራል። ለእኔ ከሁሉ የከፋው ግን ፍንዳታም ሬሳም የለበትም። ሪታ በሌሊት ትሪኒ የምትባለው ልጅ መኝታ ክፍል ትገባና አንገቷን ታንቃለች። ጭራቅ ተራራ ላይ ሲሆን ልጅ ይስቃል። ጭራቅ አልጋ ዘንድ ሲመጣ ግን ያቺው አልጋ ማታ የእሱ ናት።

አሜሪካኖች ይህን ያውቃሉ። ፊልሙ ላይ «ፒጂ 13» የሚል ምልክት አለ። ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ የማይገባ ነገር ሊኖርበት ይችላልና ወላጅ ይጠንቀቅ ማለት ነው። ይህ ምልክት የተጀመረው በ1984 ነው፤ ለቤተሰብ ተብለው በተሠሩ ፊልሞች ትንንሽ ልጆች ደንግጠው ወላጆች ስለተቆጡ የመጣ ነው። የሚገርመው፣ ፊልሙ ለ13 ዓመት ተብሎ ሲፈረጅ አሻንጉሊቱ የተሸጠው ለትንንሾቹ ነው። ጀግኖቹ ዓለምን የሚያድነውን ክሪስታል የሚያገኙት እንኳ በታወቀ የዶናት ሱቅ ሥር ነው፤ ማስታወቂያ መሆኑ ነው። በእኛ አገር ቢሠራ ቦምቦሊኖ የምትጠብሰው ሴትዮ ትታወቅበት ነበር።

የባትማንም ነገር ይኸው ነው። በ1966 በቴሌቪዥን የቀረበው ባትማን ቀልደኛ ነበር፤ በ2022 የወጣው ጨለማና ዝናብ ነው። ከዚያው ተረት የተቀዳው የ2019ኙ «ጆከር» ደግሞ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ እንዳይገባ የተባለለት ነው። የልጅነት ጀግኖቻቸውን እየናፈቁ ያደጉ ሰዎች ዛሬ ትኬት የሚቆርጡ ጎልማሶች ሆነዋል፤ ፊልም ሠሪውም የሚሠራው ለእነሱ ነው።

እኛ ዘንድ ሲደርስ ያ የዕድሜ ምልክት የለም። ፍላሽ ላይ የሚጻፈው ስሙ ብቻ ነው። በአማርኛ የሚተርከው ሰውም ትንፋሽ እስኪያጥረው ታሪኩን ያወራል እንጂ «ሕፃን ካለ አስወጡ» አይልም። ቪዲዮ ቤት የሚከፈለው በሰው ቁጥር ነው፤ ዕድሜ የሚጠይቅ የለም። የቤቱ ደግሞ ይብሳል። ምሽት ነው፤ መብራት ጠፍቷል፤ ልጁ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ስልኩን ፊቱ ላይ ደግኖ ያያል። ሲኒማ ቤት ቢሆን ጎኑ ሰው አለ። እዚህ ብቻውን ነው።

የእኛ አገር ተራኪዎች ይህን ነገር ያለ ምልክት ይችሉበት ነበር። ደረስጌን አስቡ። ደጃዝማች ውቤ ደረስጌ ማርያምን ያሠሯት ራሳቸው ሊነግሡባት ነበር ይባላል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን የቋራው ካሣ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ውቤን ድል ነሡ፤ በቀናት ውስጥም አቡነ ሰላማ ቀብተዋቸው በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በዚህ አገር ይህን ታሪክ ከአያቱ ያልሰማ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። የሚሰማው ግን በየዕድሜው ነው። ለስድስት ዓመቱ ልጅ የሚነገረው እናቱ ኮሶ ሻጭ ተብላ የተሰደበችው፣ ከሽፍትነት ተነሥቶ ዘውድ የጫነው ካሣ ነው። የጎንደር መቃጠል፣ የተቆረጠው እጅና እግር፣ መቅደላ ላይ በገዛ ሽጉጣቸው መሞታቸው በኋላ ይመጣል፤ ልጁ ከብት መጠበቅ፣ ለቅሶ መድረስ ሲጀምር። ምድጃ ዳር የምትተርክ አያት ዓይኗ ልጁ ላይ ነው። የልጁ ዓይን ሲፈጥ ታሳጥረዋለች፤ ሲያዛጋ ጦርነት ትጨምርበታለች። ፊልም ልጁን አያየውም። ስለዚህ ልጁን የሚያይ ሰው አጠገቡ መኖር አለበት።

በእኛ አካባቢ ይህን የሚያከብድ ሌላ ነገር አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ደርሶ ብዙ ሰላማዊ ሰው አልቋል። ያኔ የሦስትና የአራት ዓመት የነበሩ ልጆች ዛሬ ትምህርት ቤት ናቸው። ከዚያም ወዲህ የተኩስ ድምፅ አልጠፋም። ሕንፃ ሲፈርስ፣ ሰው ሲሸሽ ማየት ለሌላ አገር ልጅ ጨዋታ ይሆናል፤ ለእነዚህ ግን የሰሙትን ድምፅ ከስልክ መልሶ ማምጣት ነው። ከተፈናቀለ ቤተሰብ የመጣ ልጅ ካላችሁ፣ ዕድሜው 13 ቢሞላም፣ ይህን ፊልም መጀመሪያ እናንተ እዩት።

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት እናቶች «ደንግጦብኝ ነው» ብለው ልጅ ይዘው ይመጡ ነበር። አንዳንዱ ውሻ አስደንግጦት ነው፤ አንዳንዱ ጥይት፤ ኋላ ኋላ ፊልምም መጣ። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ «ተዋናይ ናት፤ ቀለም ተቀብታ ነው» ብትሉት ራሱን ይነቀንቅላችኋል እንጂ ሌሊቱን አይረዳውም። የሚያስፈራው መልክ ራሱ ነው። ከፍ ያለው ልጅ ደግሞ መልኩን ይንቃል፤ የሚፈራው «በእኔ ላይ ቢደርስስ?» ብሎ ነው። ስለዚህ ትንሹን በንግግር ከማሳመን ይልቅ ስልኩን ዘግቶ ማቀፍ፣ ውኃ ማጠጣት፣ በር መዘጋቱን አብሮ ማየት ይሻላል። ትልቁን ደግሞ ማናገር ነው።

የድንጋጤ ምልክቱ የታወቀ ነው። ብቻውን ሽንት ቤት መሄድ ይፈራል፤ የተወውን አልጋ ማርጠብ ይጀምራል፤ ጠዋት ጠዋት ሆዱን ያመዋል፤ የእናቱን ቀሚስ አይለቅም። አልጋ ያረጠበን ልጅ መምታትና በጎረቤት ልጅ ፊት ማሳፈር ነገሩን ያረዝመዋል። አንዳንድ ልጅ ደግሞ እንቅልፍ በያዘው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ዓይኑን ከፍቶ ይጮኻል፤ ብትጠሩት አይሰማም፤ ጠዋት አያስታውሰውም። ይህ ከቅዠት የተለየ ነው። አትወዝውዙት፤ እንዳይወድቅ ጠብቁት፤ ራሱ ተመልሶ ይተኛል። ጠበል መውሰዳችሁን አልቃወምም። ነገር ግን ፍርሃቱ ከወር በላይ ከቆየ፣ ምግብና ጨዋታ ከተወ፣ ወይም ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ ራሱን ከሳተ ጤና ጣቢያም ይምጣ። አምስት ዓመት ስላልሞላው ልጅ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው መመሪያ አጭር ነው፦ ዓመት ያልሞላው ምንም አይይ፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለው በቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ።

ይህን ሁሉ ስል ፊልሙ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ለአሥራ አራትና ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከድሮው ይልቅ አዲሱን እመርጣለሁ። የኪምበርሊ ታሪክ ብቻውን ይበቃል፤ ስልክ የያዘች ልጅ ላላት እናት ወሬ መክፈቻ ነው። ፎቶ አንዴ ከተላከ እንደማይመለስ ከመቶ ምክር በላይ ይናገራል። ቢሊ ደግሞ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ነው፤ ራሱ ለጓደኛው ይናገረዋል፤ ጓደኛውም አይስቅበትም። አዲስ አበባ ውስጥ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቁመው እስኪያስተምሩን ድረስ በየቤቱ እንዲህ ያለ ልጅ ከሰው ዓይን ይደበቅ ነበር፤ ዛሬም የሚደበቅ አለ። ከአምስቱ ጀግኖች አንዱ እሱ ሲሆን ማየት ለወንድሙም ለጎረቤቱም ጥሩ ነው። ዛክ ለታመመች እናቱ ሲያለቅስም ልጆቻችሁን ዝም ብላችሁ እዩዋቸው፤ ማን እንደደነገጠ ያኔ ይታወቃል።

ለትንንሾቹ ሌላ ነገር አለን። አባባ ተስፋዬ ከኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጅማሬ አንሥቶ አርባ ዓመት ያህል ልጆችን አጠገባቸው አስቀምጠው ሲተርኩ፣ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ እስኪያርፉ ድረስ ማንም ልጅ እሳቸውን ፈርቶ አላደረም። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ሠርታለች። ከዚያም «ጥበብ ልጃገረዶች»ን አመጣች። ልዩ ኃይል ያላቸው የእኛው አገር ሴት ልጆች ናቸው፤ የሚዋጉት ያለዕድሜ ጋብቻንና ሌላውን ጎጂ ልማድ ነው። በዚህ አገር ልጆች ጭራቅ ሳይባል የሚያስፈራው ያ ነው፤ ለስምንትና ለዘጠኝ ዓመት ልጅም ሊነገር ይችላል።

አዲሱ ፊልም ካለቀ በኋላ ስም ዝርዝሩ መሐል አንዲት አጭር ትዕይንት አለች። መምህሩ «ቶሚ ኦሊቨር» ብሎ ይጣራል፤ መልስ የለም፤ ባዶ ወንበርና አረንጓዴ ጃኬት ይታያል። ቀጣይ ክፍል ሊመጣ ነው ማለታቸው ነበር፤ ገበያው ስላልሞላ አልተሠራም። ልጃችሁ ቶሚ ማን እንደሆነ ይጠይቃችኋል። ይህን አያት አታውቀውም። በድሮው ተከታታይ መጀመሪያ ጠላታቸው ሆኖ፣ ኋላ ስድስተኛ ጓደኛቸው የሆነውን አረንጓዴውን ሬንጀር አባትዬው ያውቀዋል፤ ስልኩን ዘግቶ እሱ ይንገረው።