ቫምፓየሩ ኮልፌ ምን ይሠራል?

የሬዲዮ ዘጋቢ ፕሮግራም

(ድምፅ፦ ቆርኪ ካርቶን ላይ ሲንሸራተት፤ ከርቀት የታክሲ ረዳት ጥሪ፣ «አየር ጤና! አየር ጤና!»)

ተራኪ፦ ኮልፌ፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ። ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ ዳማ ተሠምሯል። የአንዱ ቆርኪዎች ፊታቸውን ወደ ላይ፣ የሌላው ደግሞ ወደ ታች አድርገው ተደርድረዋል። አንድም ቆርኪ ሳይነሳ ክርክሩ ይጀመራል። መብላት ግዴታ ነው? ሳይበላ ያለፈ ምን ይደረጋል? ንጉሥ የሆነው ስንት ቤት ይሄዳል? የአጣና ተራ ልጅ ከወይራ ሰፈር ልጅ ጋር ሲቀመጥ አስቀድሞ በሕጉ መስማማት አለበት። አለዚያ ጨዋታው መሃል ላይ በጭቅጭቅ ይፈርሳል።

ይህ የሕግ ክርክር የቆየ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ላይ ባወጡት ጥናት ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ የሰበሰቡት የገበጣ ዓይነት ከመቶ በላይ ነው። ጠጠሩ ያው ጠጠር፣ አጨዋወቱ ግን ከቦታ ቦታ ሌላ። በቀድሞው ሰንጠረዥ ደግሞ ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም፤ የመጀመሪያው እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ወረራ ይባላል። ለፈረንጅ ቼዝ ተጫዋች ሥርዓት አልባነት ይመስለው ይሆናል፤ ለእኛ አባቶች ግን ደንብ ነበር።

የዛሬው ርዕሳችን ከዳማም ከሰንጠረዥም ይለያል። ሮል ፕሌይንግ ይሉታል። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከብቦ ይቀመጣል። አንዱ ጨዋታ መሪ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። በሩ ይከፈት፣ አይከፈት፤ ይሽሹ፣ ይጋፈጡ፤ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ውጤቱ ሲያጠራጥር ዳይስ ይፈርዳል። እንቆቅልሽ ሲጠይቅና ሲጠየቅ ላደገ ሰው ነገሩ ባዕድ አይደለም። መልሱ ጠፍቶበት «አገር ስጠኝ» የተባለና ጎንደርን ወይም ሐረርን የሰጠ ልጅ፣ በቃል ብቻ አገር እጅ እንደሚለውጥ ያውቃል።

የዚህ ጨዋታ አባት ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1974 አወጡት። ከዚያ ወዲህ እትም በእትም ላይ ሲደራረብ ኖሯል፤ አምስተኛው በ2014 ወጥቶ በ2024 ተከልሷል። እያንዳንዱ እትም የሚሟገትለት አለው። የ1989ኙ ሁለተኛ እትም ታሪክ ግን ለብቻው መነገር አለበት። በ1980ዎቹ አንዳንድ የአሜሪካ ወላጆች ጨዋታው ልጆቻችንን ለሰይጣን ይሰጣል ብለው ዘምተውበት ነበር። ሁለተኛው እትም ሲመጣ የሰይጣንና የጋኔን መጠሪያዎች ወጡና ፍጡራኑ ኋላ ላይ ታናሪ፣ ባቴዙ የሚል የፈጠራ ስም ተሰጣቸው። የኮልፌ እናት በዚህ የምትታለል አይመስለንም። ቡና ይዛ ብቅ ስትል፣ ልጆቹ ሻማ አብርተው ሲያንሾካሹኩ ብታይ፣ «ደግሞ ይሄ ምን መተት ነው?» ማለቷ አይቀርም። የጨዋታ መሪው የመጀመሪያ ሥራ ለእሷ የሚሆን ቀና መልስ ማዘጋጀት ነው።

ታዲያ የትኛው እትም ይመረጥ? ብዙዎች አምስተኛውን ይመርጣሉ፤ ምክንያትም አላቸው። አሳታሚው ሌሎች ሕጉን እንዲጠቀሙበት የሰጠውን የቆየ ፈቃድ ሊያጠብቅ ሞክሮ ተጫዋቹ ካመፀበት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 መሠረታዊ ሕጉን በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለሕዝብ ለቀቀው። ምንጩን እስከጠቀሰ ድረስ ማንም ይገለብጠዋል፣ ይተረጉመዋል፣ ቢፈልግም ይሸጠዋል። በኋላ ኩባንያው ራሱ የፈረንሳይኛ፣ የጀርመንኛ፣ የጣሊያንኛና የስፓኒሽ ትርጉም አውጥቷል። አማርኛ የለበትም፤ ሠርቶ ለማውጣት ግን የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።

መጽሐፉ ወደ 400 ገጽ ይጠጋል። ይህም ይቅር፤ ለአስፈሪ ታሪክ የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው። በአምስተኛው እትም ክፉኛ የቆሰለ ጀግና አንድ ሌሊት በቅጡ ተኝቶ ሲነሳ የጤና ነጥቡ ሁሉ ይመለስለታል። ጅብ ሲቦጫጭቀው ያመሸ ሰው ማለዳ ተነስቶ ቁርሱን ይበላል እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በወጣው፣ አድቫንስድ በሚባለው እትም ግን የአንድ ቀን ዕረፍት የሚመልሰው አንድ ነጥብ ብቻ ነበር። በዚያ ሕግ የሚጫወት ሰው ጨለማ ቤት ከመግባቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል። ፍርሃት የሚመጣው ከጭራቁ ሥዕል ብቻ አይደለም፤ ቁስል ምን ያህል እንደሚቆይ የሚደነግገው መስመርም የፍርሃቱ ግማሽ ነው።

(ድምፅ፦ ሌሊት፤ ከርቀት የጅብ ጩኸት፤ የውሻ ጩኸት)

ተራኪ፦ ወደ ቦታው ምርጫ እንምጣ። በዚህ ጨዋታ ዓለም ከታወቁት አስፈሪ ስፍራዎች አንዱ ሬቨንሎፍት ነው፤ ትሬሲና ላውራ ሂክማን የተባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጡት የቫምፓየር ግንብ። ትሬሲ እንደሚያወራው፣ አንድ ቀን ሲጫወት ዋሻ ውስጥ ቫምፓየር ይገጥመዋል። መፍራቱ ቀርቶ ጥያቄ መጣበት፤ ይሄ ፍጡር እዚህ ምን ይሠራል? ከዚያ ጥያቄ ተነስተው ባልና ሚስቱ ለቫምፓየሩ ግንብ፣ የሞተች ፍቅር፣ የሚበቀለው ጉዳይ ሰጡት። ስትራድ የሚባለው ያ ገጸ ባሕርይ ዛሬም በአዳዲስ መጻሕፍት ይመላለሳል።

ይህንኑ ጥያቄ እኛም እናንሳው። ካባ የለበሰ ባላባት ከካርፓቲያን ተራራ ወርዶ ቤቴል ምን ይሠራል? ምንም። አለም ባንክ ዳር ከታክሲ ወርዶ ሰዋራ መንገድ ለሚይዝ ሰው ግን ጅብ ትርጉም አለው። ፈረንጆቹ በመጽሐፋቸው ኖል የሚሉት የጅብ ራስ ያለው ፍጡር አላቸው፤ እነሱ ዘንድ በመንጋ መጥቶ በመንጋ የሚገደል ተራ ጠላት ነው። እኛ ዘንድ ጅብ ብቻውን ይበቃል፤ ጭርሱን ባይታይ፣ ድምፁ ብቻ ቢሰማ ደግሞ ይብሳል።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጅብ ሲነሳ ቡዳ ይከተላል። ቡዳ የሚለው ክስ ደግሞ በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በፋቂው፣ በሸማኔው ላይ ሲለጠፍ የኖረ ነው። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ሌሊት ሌሊት ጅብ የሚሆን ቀጥቃጭ ታሪክ ውስጥ ያስገባ ጨዋታ መሪ፣ ሳያስበው የቆየ በደል እየደገመ ነው። ዘነበወርቅም እንዲሁ። የአለርት ሆስፒታል ሰፈር የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከየአገሩ ተገልለው መጥተው ጎጆ የቀለሱበት ነው፤ የሰው ፊትና ጣት ማስፈራሪያ አይሆንም። ቆሼ ደግሞ ጭራሽ አይነካም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀብሯል። ጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጡት አንዱ ዘመድ ወይም ጎረቤት አጥቶበት ሊሆን ይችላል።

ምን ቀረ ታዲያ? ብዙ። ለአብነት አንድ ክታብ እንውሰድ። የጥንቱ ክታብ ብራና ነው፤ ቁራጭ በቁራጭ ተሰፍቶ ይረዝማል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሠራል። ጸሎቱ መሃል የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባል። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ተፍቆ አዲሱ ይጻፍበታል። ሕፃናት ትገድላለች የምትባለው ውርዝልያና ያሸነፋት ቅዱስ ሱስንዮስም በብዙዎቹ ላይ ይገኛሉ። አሁን ጨዋታ መሪው እንዲህ ቢልስ? አንድ ገጸ ባሕርይ የሞተ አያቱን ሣጥን ይከፍታል። ክታብ ያገኛል። ሲዘረጋው ልክ በእሱ ቁመት ነው። ስም ከተጻፈባቸው ቦታዎች አንዱ ተፍቆ አዲስ ስም ገብቶበታል፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም።

(ዝምታ፤ ሦስት ሰከንድ)

ዘመኑንም መምረጥ ይቻላል። በእኛ አስተያየት የእጅ ስልክ ባለበት ፍርሃት አይበረክትም፤ ሁሉም ደውሎ ይድናል። ስለዚህ ወደ 1954 ዓ.ም. መመለስ ይሻላል። ኔልሰን ማንዴላ ኮልፌ ውስጥ በኮሎኔል ታደሰ ብሩ ሥር ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደበት ዓመት ነው። ተጫዋቾቹ አንዱ የፖሊስ ሠልጣኝ፣ አንዷ ነርስ፣ አንዱ ከደብር የተጣላ ደብተራ ቢሆኑ ታሪኩ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ለእንዲህ ያለ ታሪክ ሕጉን ከሌላ ቤት እንድትወስዱ እንመክራለን። ሳንዲ ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ1981 የጻፈው ኮል ኦፍ ክቱሉ ተጫዋቹን ጀግና አያደርገውም፤ ሐኪም፣ ጋዜጠኛ፣ መምህር ነው። አስፈሪ ነገር ባየ ቁጥር የአእምሮ ጤና ነጥቡ ይቀንሳል። ችሎታው ሁሉ ከመቶ ይሰጣል፤ በ2014 የወጣው ሰባተኛ እትም ደግሞ ጉልበቱንና ቅልጥፍናውንም ጭምር ከመቶ አድርጎታል። የፈተና ውጤት ከመቶ ሲሰማ ለኖረ ተማሪ ይህን ማስረዳት አያሻም፤ መደበቅ 60 ካለህ፣ እንዲሳካልህ በዳይስ 60 ወይም ከዚያ በታች ማውጣት ነው። አሥር ጎን ያለው ዳይስ ከሌለ ከ0 እስከ 9 የተጻፈባቸው አሥር ወረቀቶች ኮፍያ ውስጥ ጨምሮ ዕጣ ማውጣት ይበቃል፤ አንዴ ለአሥር ቤት፣ ወረቀቱን መልሶ ሌላ ጊዜ ለአንድ ቤት። ሁለቴ ዜሮ ከወጣ መቶ ነው፤ እሱ አይመጣባችሁ።

ጭራቆቹን ግን እዚያው ተዉአቸው። የእነሱ አባት፣ ደራሲው ላቭክራፍት፣ የጥቁርንና የስደተኛን ሕዝብ የሚንቅ ሰው ነበር፤ ከሚያስፈሩት ነገሮች ውስጥ እኛን የሚመስሉ ሰዎች ነበሩበት። የዚህ ከመቶ የሚሰላ ሥርዓት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2023 ኦርክ በተባለ ክፍት ፈቃድ ስለተለቀቀ፣ ሕጉን ወስዶ ታሪኩን ከራስ ማውጣት ይቻላል።

አድማጮቻችን፣ ይህን ጨዋታ ለመሞከር ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር አደራ እንላለን። ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ በታሪኩ ውስጥ እንዲገባ የማይፈልገውን ይናገር፤ ጨዋታ መሪውም ለምን ብሎ ሳይጠይቅ ወረቀት ላይ ያስፍረው። ኮልፌ ውስጥ የምትጫወቱ ከሆነ፣ ማንም ባይናገርም ቆሼን በመጀመሪያው መስመር ጻፉት።