የጦጣ ጠባቂዋ ዐይን

ስለ ቤተ ሙከራ አደጋ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው መርዙንና እሳቱን ነው። በ1990 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ግን በአሜሪካ፥ በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የየርክስ የምርምር ማእከል፥ አንዲት የ22 ዓመት ረዳት በፍርግርግ ቤት ያለች ሪሰስ ጦጣ ስታጓጉዝ ከእንስሳዪቱ የተረጨ እድፍ ዐይኗን ነካት። ሥራው ቀላል ነው ስለ ተባለ መከላከያ መነጽር አላደረገችም ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ዐረፈች።

ገዳዩ ሄርፐስ ቢ የተባለው ቫይረስ ነው። ጦጣዪቱን ከአፍ ቁስል በቀር እምብዛም አይጎዳትም፤ በሰው ላይ ግን አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን ያጠቃል። እኛን ያሳዘነን ጥፋቱ የመጣው ከተራው የዕለት እንክብካቤ መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ የጤና ባለሥልጣኖች የፊት መሸፈኛ ብቻውን እንደማይበቃ አስታወቁ፤ ከራስ ላይ የሚወርደውን ጠብታ አያግድምና መነጽር ይጨመርበት አሉ። እድፍ የነካው ዐይንም ሐኪም ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በውኃ ይታጠባል።