ብርሃን ፍለጋ በልብ ወለድ

መንፈሳዊ ፍለጋን የሚተርክ ልብ ወለድ ሌላው የማይገጥመው ችግር አለበት። ጦርነት፣ ፍቅር፣ ስደት ይተረካሉ፤ ሰው በውስጡ ሲበራለት ግን ከውጭ የሚታይ ብዙ ነገር የለም። ደራሲው ያንን ቅጽበት ዘርዝሮ ከጻፈው ስብከት ይሆንበታል፤ ከዘለለው ደግሞ አንባቢው እስከ መጨረሻው ተከትሎ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ጀርመናዊው ኸርማን ሄሰ ችግሩን ያወቀው እየጻፈ ነው። የእናቱ አባት በደቡብ ሕንድ ሚሲዮናዊ የነበሩ፣ የማላያላም ቋንቋ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁ ሰው ስለሆኑ ሕንድ ለሄሰ ከልጅነቱ የቤት ወሬ ነበረች። «ሲዳርታ» የተባለውን ልብ ወለዱን እ.ኤ.አ. በ1919 ጀመረ። የሚፈልገውን ወጣት መጻፍ አልከበደውም፤ ያገኘውን ሰው መጻፍ ሲደርስ ግን ብዕሩ ቆመ። ሥራው ከአንድ ዓመት በላይ ተቋርጦ መጽሐፉ በ1922 ታተመ።

ባለታሪኩ ሲዳርታ የብራህማን፣ ማለትም የሂንዱ ካህን፣ ልጅ ነው። ከወዳጁ ከጎቪንዳ ጋር ከቤቱ ወጥቶ ከጫካ መናንያን ጋር ይጾማል፤ በኋላም ሁለቱ ቡድሃን ራሱን ያገኙታል። ጎቪንዳ ደቀ መዝሙር ሆኖ ይቀራል። ሲዳርታ ግን የቡድሃን መብቃት ሳይጠራጠር ትምህርቱን ትቶ ይሄዳል፤ ቡድሃም ቢሆን ብርሃኑን ያገኘው ከሌላ ተምሮ አይደለማ! ከዚያ ከተማ ገብቶ ካማላ ከተባለች ሴት ጋር ፍቅርን፣ ከነጋዴዎች ጋር ገንዘብንና ቁማርን ይቀምሳል። ሁሉ ሲያስጠላው ራሱን ሊያጠፋ ወንዝ ዳር ይደርስና፣ ሰው በጀልባ ከሚያሻግረው ቫሱዴቫ ዘንድ ይኖራል። የመጽሐፉ ብርቱ ክፍል ይህ ነው። አባቱን ጥሎ የወጣውን ሰው አሁን የገዛ ልጁ ጥሎት ይኮበልላል፤ ጾም ያልሰበረውን ትዕቢት ይህ ሐዘን ይሰብረዋል። በመጨረሻም ሄሰ የመብቃቱን መልክ የሚያሳየን፣ ያረጀው ጎቪንዳ ግንባሩን ሲስመው በሚያየው ራእይ ነው። ያገኘውን የምናየው ገና በሚፈልገው ወዳጁ ዓይን መሆኑ ነው።

እንግሊዛዊው ሶመርሴት ሞምም የሌላ ሰው ዓይን ተጠቅሟል። በ1938 በደቡብ ሕንድ የመንፈሳዊ መምህሩን የራማና ማሃርሺን ገዳም ጎብኝቶ፣ በ1944 «የምላጭ ስለት» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጓደኛው እሱን ሲያድን የሞተበት ላሪ፣ የተዘጋጀለትን ሥራ እምቢ ብሎ እስከ ሕንድ ይንከራተታል። ያገኘውን ለተራኪው የሚነግረው ፓሪስ ካፌ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወጉ ነው። ተራኪው ራሱ ሞም ነው፤ ምዕራፉን መዝለል ለፈለገ አንባቢ ፈቃዱን ይሰጥና፣ ያ ወግ ባይኖር ግን ምናልባት መጽሐፉን ባልጻፍኩት ነበር ይላል። ብልሃት ነው፤ ትንሽ ሽሽትም አለበት።

ፍለጋውን ራሱን የሚጠረጥረው ሩሲያዊው ቶልስቶይ ነው። ከሞተ በኋላ በ1911 በታተመው «አባ ሰርግዮስ» ውስጥ አንድ መኰንን መንኖ በበዓቱ ይጋደላል፤ የአንዲት ሴት ፈተና ሲበረታበት ጣቱን በመጥረቢያ ይቆርጣል። ዝናው ሲወጣ፣ በሽተኛም ሲጎርፍለት ውስጡ ይደርቅና ይወድቃል። ከበዓቱ ወጥቶ የሚሄደው የልጅነት ትውውቁ ወደሆነችው ወደ ድሃዋ ፓሸንካ ነው። እሷ ሙዚቃ እያስተማረች ቤተሰቧን ታስተዳድራለች፤ ጸሎቷም የረባ አይመስላትም። ለሰው እኖራለሁ እያለች ለእግዚአብሔር የምትኖር እሷ ናት፣ እኔ ግን ለእግዚአብሔር በሚል ሰበብ ለሰው ምስጋና ኖርኩ ብሎ የሚያስበው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮውን ቶልስቶይ በጥቂት መስመር ይጨርሰዋል፤ መታወቂያ የሌለው ተቅበዝባዥ ተብሎ ተይዞ ወደ ሳይቤሪያ ይላካል፣ እዚያም በአንድ ባለጸጋ ገበሬ ቤት አትክልት ይኮተኩታል፣ ልጆች ያስተምራል፣ ሕመምተኞች ያስታምማል።