በ37 ዲግሪ መልኩን የሚለውጥ ፈንገስ

ወዳጆቼ፣ አትላንታ የምንኖር ሐበሾች በክሊፍተን ሮድ በኩል ስናልፍ የአሜሪካን የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲን፣ እናያለን፤ ስሙ የሚነሳው ግን ወረርሽኝ ሲመጣ ነው። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ እዚያ ስለተሠራ፣ ብዙ ሰው ስላልሰማው አንድ ድንቅ ብልሃት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ሂስቶፕላዝማ ከሚባል ፈንገስ ነው። የወፍና የሌሊት ወፍ ኩስ ባለበት አፈር ውስጥ እንደ ሻጋታ ክሩን ዘርግቶ ይኖራል። አፈሩ ሲቆፈር ስፖሮቹ ይቦናሉ፣ ሰውም ይስባቸዋል። ሳንባ ውስጥ የ37 ዲግሪ ሙቀት ሲያገኘው ክሩን ትቶ ትንሽ ሞላላ እርሾ ይሆናል። የሚደንቀው ደግሞ ጀርም ሊበሉ የመጡት የመከላከያ ሕዋሳት ሆድ ውስጥ ገብቶ መራባቱ ነው። ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳይታወቀው ያልፈዋል። የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ግን፣ ለምሳሌ ኤችአይቪ ኖሮበት ሕክምና ያልጀመረ፣ በሽታው በመላ አካሉ ሊሠራጭበትና ሊገድለው ይችላል።

ትኩሳቱ፣ ሳሉ፣ የሌሊት ላቡና ክሳቱ ልክ እንደ ሳንባ ነቀርሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ፓናማ ውስጥ አስከሬን ሲመረምር ፈንገሱን መጀመሪያ ያየው ሐኪም ሳሙኤል ዳርሊንግም ለዓይን የታየው ነገር ነቀርሳ መስሎት ነበር። በማይክሮስኮፕ ያገኘውን ጀርም ደግሞ ፈንገስ ሳይሆን ሌላ ጥገኛ ተሕዋስ አድርጎ ቆጠረው። ሻጋታውና እርሾው አንድ መሆናቸውን ዊልያም ዴሞንብረን በላቦራቶሪ አሳድጎ ያረጋገጠው በ1934 ነው።

ታዲያ ላቦራቶሪ እንዴት ይለየዋል? ናሙናው በ25 ዲግሪ ግድም ይቀመጣል፤ ቀስ እያለ፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ፣ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ ይወጣል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ዙሪያቸው ጉብጉብ ያለ ትልልቅ ክብ ስፖሮች አሉት። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የማይጎዱ ሌሎች ሻጋታዎችም እንዲህ ያለ ስፖር ያወጣሉ። ስለዚህ ባለሙያዎች ሻጋታውን ወደ 37 ዲግሪ አዛውረው እርሾ እስኪሆን ይጠብቁ ነበር። ጊዜ ይፈጃል፣ አንዳንዴም አልለወጥም ይላል፤ በዚያ ላይ ስፖሩ ባለሙያውን ራሱን ሊይዘው ይችላል።

የአትላንታው ብልሃት እዚህ ላይ ይመጣል። በ1976 የሲዲሲዎቹ ፖል ስታንዳርድና ሊዮ ካውፍማን እርሾውን መጠበቅ የሚያስቀር ምርመራ አሳተሙ። ፈንገሱ እያደገ ወደ ዙሪያው የሚለቃቸው ፕሮቲኖች አሉ። ሻጋታው በኬሚካል ይገደልና ፈሳሹ ተጣርቶ አጋር በሚባል ዝልግልግ ነገር ላይ በተበሳ ጉድጓድ ይጨመራል። በአጠገቡ ባለው ጉድጓድ ሂስቶፕላዝማን ለይቶ የሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል አለ። ሁለቱ ተጉዘው ሲገናኙ በመካከላቸው ነጭ መስመር ይሠራል፤ መስመሩ ሂስቶፕላዝማ መሆኑ አስቀድሞ ከታወቀ ናሙና መስመር ጋር ሲገጥም ማንነቱ ተረጋገጠ ማለት ነው። መልሱ ከሞተ ፈንገስ መገኘቱ ለላቦራቶሪ ሠራተኛው ትልቅ እፎይታ ነበር። ዛሬ ደግሞ የዘረመል ምርመራና የፈንገሱን ምልክት ከሽንት የሚያገኝ ፈጣን ምርመራ ተጨምሯል።

አገር ቤትም ጉዳዩ የራሳችን ነው። የዚሁ ፈንገስ ዘመድ የጋሪ ፈረሶቻችንን ቆዳ ያቆስላል፤ እብጠቱ እየፈነዳ መግል ያወጣል። በ28 ከተሞች ከ19 ሺህ በላይ የጋሪ ፈረሶች ታይተው፣ በ2006 የታተመው የጎበና አመኒ ጥናት ከአምስቱ አንዱ የሚጠጋው መያዙን አሳይቷል። ፈረሱ ሲታመም ጋሪ ይቆማል፣ የቤተሰብ እንጀራም ይጓደላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው የአደገኛ ፈንገሶች ዝርዝር ሂስቶፕላዝማን ከፍተኛ ትኩረት ከሚሹት መድቦታል። መድኃኒት አለው፤ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ጥርጣሬው ነው። እናንተ ወይም ዘመዳችሁ በምርመራ ከነቀርሳ ነፃ ናችሁ ተብሎ ሳሉ ካልለቀቀ፣ ዋሻ መግባታችሁን፣ የዶሮ ቤት መጥረጋችሁን፣ የት የት እንደኖራችሁ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ። ላቦራቶሪው የሚያገኘው እንዲፈልገው የተነገረውን ነውና።