የተራራ ጉዞ መመሪያ መጽሐፍ

የተራራ ጉዞ መመሪያ መጽሐፍ ለተጓዥ መንገድን፣ ከፍታን፣ ውሃንና ማደሪያን የሚያመለክት መጽሐፍ ነው። ከሐረር ጀጎል ተነስቶ ወደ ቁንዱዶ ወይም ወደ ጋራ ሙለታ ለሚወጣ ሰው ምርጫው ጠባብ ነው። በውጭ አገር የታተሙ የኢትዮጵያ መመሪያዎች ስለ ጀጎል ግንብ፣ ስለ አምስቱ በሮችና ስለ ጅብ ማብላት በሰፊው ይጽፋሉ፤ ስለ ተራራ ሲሆን ግን በስሜንና በባሌ ላይ ያተኩራሉ። የቁንዱዶን የዱር ፈረሶች የሚጠቅስ ከተገኘ ጥሩ ምልክት ነው።

ስለ ተራራ መውጣት በጠቅላላው የሚያስተምሩ መጻሕፍት ደግሞ ብዙዎቹ ለአውሮፓ የተጻፉ ስለሆኑ ወቅታቸው ከእኛ አይገጥምም። በአልፕስ ተራሮች በረዶ ቀልጦ መንገድ የሚከፈትበት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ በሐረር ዙሪያ ክረምት ነው፤ ዱካው ያዳልጣል፣ ጉም ይወርዳል፣ ደረቅ የነበረ ወንዝ በድንገት ይሞላል። ትምህርት ቤት የሚዘጋውም ያኔ ስለሆነ፣ ተማሪ ከመግዛቱ በፊት መጽሐፉ ስለ ዝናብ የሚለውን ማንበብ አለበት።

የኅትመት ዘመኑም ይታያል፦ በ2010 ዓ.ም. የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2010 ከታተመ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አዲስ ነው። ከፍታን በመስመር የሚያሳይ ካርታ ከሌለው፣ የ1:50,000 ካርታ ለብቻው መያዝ ያስፈልጋል።