ስድስትና ስድስት፦ ጃፓን ለሩሲያ ጦርነት ያዘጋጀችው የባሕር ኃይል

በ1895 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጃፓን ቻይናን ድል አድርጋ በሺሞኖሴኪ ውል ስታስፈርማት፣ ከጦር ካሳው ሌላ የሊያዎዱንግን ባሕረ ገብ ምድር አግኝታ ነበር። ደስታዋ ግን ሳምንት አልሞላም። ሩሲያ፣ ጀርመንና ፈረንሳይ ተባብረው መሬቱን እንድትመልስ አስገደዷት። ሦስቱን የምትመክትበት መርከብ አልነበራትምና ለቀቀች። በ1898 ደግሞ የዚያው ምድር ጫፍ የሆነውን የፖርት አርተርን ወደብ ሩሲያ ራሷ ከቻይና በኪራይ ያዘችው።

የቶኪዮ መልስ በታሪክ «ስድስትና ስድስት» የሚባለው ዕቅድ ነው፦ ስድስት ታላላቅ የጦር መርከቦችና ስድስት ብረት ለበስ ክሩዘሮች፣ ከነአነስተኛ አጃቢዎቻቸው። ፓርላማው በ1896 ባጸደቀው የ10 ዓመት መርሐ ግብር ሥራው ተጀመረ። የዕቅዱ ዋና ጠንሳሽ በ1898 የባሕር ኃይል ሚኒስትር የሆነው ያማሞቶ ጎንኖሂዮዬ ነበር።

ቁጥሩ በዘፈቀደ አልተመረጠም። ደሃዋ ጃፓን የሩሲያን መርከብ ሁሉ በቁጥር ልትስተካከል አትችልም፤ ማስፈለጉም አጠራጣሪ ነበር። የሩሲያ ባሕር ኃይል በባልቲክ፣ በጥቁር ባሕርና በፓሲፊክ ተከፋፍሎ ይኖራል። የጥቁር ባሕሩ ክፍል የቱርክን የባሕር ወሽመጥ እንዳያልፍ ውል አግዶታል። ከአውሮፓ የሚነሳው ደግሞ የድንጋይ ከሰልና የማረፊያ ወደብ እየለመነ ግማሽ ዓለምን መዞር አለበት። ስለዚህ የሚያስፈልገው፣ ጠላት ወደ ምሥራቅ እስያ ሊልክ የሚችለውን ያህል ኃይል መመከት ብቻ ነው።

ገንዘቡ በአብዛኛው ከተሸነፈችው ቻይና መጣ። 200 ሚሊዮን ታኤል (የቻይና የብር መለኪያ) ካሳ፣ ለተመለሰው መሬት ምትክ ደግሞ 30 ሚሊዮን ታኤል በለንደን በፓውንድ ተከፈለ፤ ዋናዎቹ መርከብ ሠሪዎችም እዚያው እንግሊዝ ነበሩ። የቀረውን ሕዝቡ ሸፈነ። የመሬት ግብር በ1898 ከመቶ 2.5 ወደ 3.3 ከፍ አለ፤ የሳኬ መጠጥ ቀረጥም ጨመረ። ከዚያ በፊትም፣ ከስድስቱ የመጀመሪያዎቹን ፉጂንና ያሺማን ለማሠራት፣ ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ከቤተ መንግሥታቸው በጀት በዓመት 300,000 የን ለስድስት ዓመት ሰጥተዋል፤ ሹማምንትም ከደመወዛቸው አሥራት ከፍለዋል።

ስድስቱም ታላላቅ መርከቦች በብሪታንያ ተሠሩ፦ ፉጂና ሺኪሺማ በቴምስ ወንዝ ዳር፣ ያሺማና ሃትሱሴ በአርምስትሮንግ፣ አሳሂ በክላይድባንክ፣ ሚካሳ በቪከርስ። ከክሩዘሮቹ አራቱ የአርምስትሮንግ ሲሆኑ፣ ያኩሞ ለጀርመን፣ አዙማ ለፈረንሳይ ታዘዙ። ትናንት መሬቷን ያስለቀቋትን ሁለት መንግሥታት በገበያ ማለዘብ የታሰበበት ፖለቲካ ነበር። ሆኖም መርከቦቹ ከየትም ይምጡ፣ አብረው እንዲሰለፉ ተደርገው ነው የተሠሩት። ስድስቱ ታላላቅ መርከቦች እያንዳንዳቸው አራት 305 ሚሊሜትር መድፍና 18 ኖት ገደማ ፍጥነት ሲኖራቸው፣ ክሩዘሮቹ ሁሉ፣ የጀርመኑና የፈረንሳዩ ጭምር፣ የአርምስትሮንግን 203 ሚሊሜትር መድፍ ታጥቀዋል። በሬ ሲጠመድ እርምጃው የሚገጥም እንደሚመረጥ ሁሉ፣ የጦር ሰልፍም የሚሄደው በዘገምተኛው ፍጥነት ነው።

አገር ቤትም ሥራው አልቆመም። የኩሬና የሳሴቦ የባሕር ኃይል ሠፈሮች ተስፋፉ፣ በ1901 ማይዙሩ ተጨመረ፤ መርከበኞችና መሐንዲሶችም በብዛት ሠለጠኑ። የመጨረሻዋ ሚካሳ፣ ከ15,000 ቶን በላይ የምትመዝነው፣ በመጋቢት 1902 ተጠናቀቀች። ዕቅዱ ከተያዘለት ጊዜ ቀድሞ ደረሰ፤ ጦርነቱ በየካቲት 1904 ሲፈነዳ 12ቱም ዝግጁ ነበሩ።

ትልቁ ድክመት መጠባበቂያ ማጣቱ ነበር። ግንቦት 15 ቀን 1904 ሃትሱሴና ያሺማ በአንድ ቀን የሩሲያ ፈንጂ ላይ ወጥተው ጠፉ፤ ከታላላቆቹ ሲሶው ሄደ። ክፍተቱን የሞሉት በጦርነቱ ዋዜማ ከአርጀንቲና የተገዙት፣ ጣሊያን የተሠሩት ክሩዘሮች ኒሺንና ካሱጋ ናቸው። የጃፓን መርከቦች አዛዥ አድሚራል ቶጎ በግንቦት 1905 ከባልቲክ የመጣውን የሩሲያ ጦር በትሱሺማ የባሕር ወሽመጥ ሲደመስስ፣ በዋናው ሰልፍ ውስጥ 12 መርከቦች ነበሩት።

ከድሉ በኋላ ባሕር ኃይሉ ቁጥሩን ወደደው። በ1907 ግቡ «ስምንትና ስምንት» ሆነ፤ ብሪታንያ ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ድሬድኖት የተባለችውን አዲስ ዓይነት የጦር መርከብ አሠማርታ የቀድሞዎቹን መርከቦች ሁሉ አስረጅታ ነበር። በ1921 የባሕር ኃይል ወጪ ከመንግሥት በጀት ሲሶ ገደማ ደረሰ፤ ሩጫውን የገታው የ1922ቱ የዋሽንግተን ውል ነው። የመጀመሪያው ዕቅድ የታወቀ ጠላት፣ የታወቀ ባሕርና በእጅ ያለ ገንዘብ ነበረው። ሁለተኛው ከዚያ የወረሰው ቁጥር መደርደሩን ብቻ ነው።